ፕሮፖዛሌን ሥነ ጽሑፍም ሕክምናም አልተቀበለውም፤ ወዴት ልውሰደው?

የደብዳቤ ልጅ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ስለምጽፍ ታገሡኝ።

ፒኤችዲዬን በሥነ ጽሑፍ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን የያዝኩት ሐሳብ ግን ከሥነ ጽሑፍ ወጣ ይላል። የድሮ ደብዳቤዎችን አነባለሁ። የታዋቂ ሰዎችን አይደለም፤ ተራ ሰዎች ለቤተሰባቸው የጻፏቸውን ነው። የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሕመሙን በምን ቃል ይናገራል? "ይወጋኛል" ሲል፣ "ይቆረጥመኛል" ሲል፣ "ይጠዘጥዘኛል" ሲል ምን ማለቱ ነው? ለእናቱ ሲጽፍና ለወንድሙ ሲጽፍ ቃሉ ይለወጣል?

በዚህ ሐሳብ ሦስት ቦታ ፌሎሺፕ (እየተከፈለ ለምርምር የሚሰጥ ጊዜ) ሞከርኩ። ሦስቱም አልሆነም። አለመሳካቱን እችለዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ አስተያየቱ ነው። አንዱ ገምጋሚ "ይህ ሕክምና እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም" አለ። ሌላው "የሕክምና ጥናት ዘዴ የለውም" አለ። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ወረቀት ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን "ኢንተርዲሲፕሊናሪ (ከአንድ ዘርፍ በላይ የሚያገናኙ) ጥናቶችን እናበረታታለን" ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ነበር።

አማካሪዬ የነበሩት መምህር "ሕመሙን አውጪውና ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ብቻ አድርጊው፣ ያኔ ይገባልሻል" አሉኝ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሕመሙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነገር ጠዋት ከአልጋ አያስነሳኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ? ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ካለ በተለይ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ሁለት ወንበር · ሰኞ ማታ

እህቴ አይዞሽ። እኔ በሁለቱም በኩል ተቀምጫለሁ። አንድ ዓመት ፌሎ ነበርኩ፤ በኋላ ደግሞ አራት ጊዜ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ኮሚቴው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰባት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ፍልስፍና ነው፣ አንዷ ሙዚቃ፣ አንዱ አርኪዮሎጂ፣ አንዷ ሕግ። እያንዳንዱ በአሥር የሚቆጠር ፋይል ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ያነበበው ደግሞ ከማስተማር ሰዓቱ ተርፎ፣ ሌሊት ነው። ያንቺን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይኖር ይችላል። ፋይልሽ ሲነሣ የወደደው ሰው ለሌሎቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያወራዋል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ተወርቶ የማይገባ ከሆነ የሚከራከርልሽ ሰው እንኳ ቢኖር አፉ ይያዛል።

አሁን እዚህ የጻፍሽውን ጥያቄ እኔ ነገ ለማንም ማውራት እችላለሁ። "ለእናቱ ሲጽፍና ለወንድሙ ሲጽፍ ቃሉ ይለወጣል?" ድንቅ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? ብዙ ሰው "ጥናቴ ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ሕክምናንና ሥነ ልቦናን ያጣምራል" ብሎ ይጀምራል። እኔ እዚያ ላይ እቆማለሁ። ለምን ይጣመራሉ? ጥያቄው ካላስገደደ በቀር ማንም አራት ዘርፍ መሸከም የለበትም።

ያንቺ ብቻ ዕጣ እንዳይመስልሽ ደግሞ ይኸን ያዢ። በ2016 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ለአውስትራሊያ የምርምር ምክር ቤት የቀረቡ 18,476 ፕሮፖዛሎችን ነው ያየው። የተራራቁ ዘርፎችን ባገናኙ ቁጥር ገንዘብ የማግኘት ዕድላቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ አገኘ። "እናበረታታለን" የሚለው ማስታወቂያና የገምጋሚው ብዕር ሁልጊዜ አንድ ቋንቋ አይናገሩም።

ሕመሙን አታውጪው።

የድሮ መምህር · ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እኔ አማካሪሽን ላግዛቸው ነው የመጣሁት።

ፌሎሺፕ አላፊ ነው። አንድ ዓመት ነው፤ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ ሰው የሚቀጥረው የትምህርት ክፍል ነው። የትምህርት ክፍል ደግሞ ኮርስ የሚሸፍንለትን ሰው ይፈልጋል። በእጄ ያለፈች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከእሷ የበለጠ ጭንቅላት አላስተማርኩም። ታሪክም ሥነ ጽሑፍም ሥነ ጥበብም ትሠራ ነበር። ሁለት ፌሎሺፕ አገኘች። ሥራ ስትፈልግ ግን ሥነ ጽሑፍ ክፍል "የታሪክ ናት" አለ። ታሪክ ክፍል "የእኛ አይደለችም" አለ። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ናት። ስሟ በተነሣ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ደግሞ ሌላም አለ። የሰው ዘርፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ከራሱ ቤት ይዞት የሚሄደው ነገር ያስፈልገዋል። ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ ነው። መጀመሪያ አንድ እግርሽ መሬት ይያዝ ነው የምለው።

ሁለት ወንበር · ማክሰኞ ጠዋት

መምህር፣ ስለ ሥራው የተናገሩት እውነት ነው፤ አልከራከርዎትም። ግን ፌሎሺፕ የሚባለው ነገር ራሱ ለምን እንደተፈጠረ እናስታውስ። ሃርቫርድ የፌሎዎቹን ማኅበር በ1933 ሲያቋቁም ሐሳቡ ወጣት ተመራማሪን ለሦስት ዓመት ከኮርስ፣ ከፈተናና ከዲግሪ ነፃ ማድረግ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎዌል የራሳቸውን ገንዘብ ነው ያወጡበት። ፕሪንስተን ያለው የከፍተኛ ጥናት ተቋምም በ1930 ሲመሠረት ተማሪ እንዳይመዘግብ፣ ዲግሪ እንዳይሰጥ ሆኖ ነው። የትምህርት ክፍል ጊዜ የማይሰጠውን ጥያቄ ሰው እንዲያነሣ ነው ይኼ ሁሉ።

በርሊን ያለው ቪሰንሻፍትስኮሌግ የሚባል የምርምር ተቋም ደግሞ በየዓመቱ 40 ያህል ፌሎ ይቀበላል። ባዮሎጂስቱም ገጣሚውም አንድ ላይ እንዲበሉ ይጠበቅባቸዋል። አንድ ላይ መብላቱ የሥራው አካል ነው። እኔ የነበርኩበት ቦታ ያን ያህል ስም የለውም፤ ነገር ግን ረቡዕ ረቡዕ ምሳ ላይ አንድ ሰው ሥራውን ያቀርብ ነበር። እኔ ባቀረብኩ ቀን ስለ አንድ ሰነድ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። አንዲት የፊዚክስ ሴት እጇን አውጥታ "ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር እኩል ዕድሜ እንዳለው በምን አወቅህ?" አለችኝ። በቃ። በስምንት ዓመት የእኔ ዘርፍ ሰው ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። የመጽሐፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ከዚያች ጥያቄ ወጣ።

ሰማያዊ ቀለም · ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ስሜን ያወጣሁት ከዚህ ታሪክ ስለሆነ ልንገራችሁ።

ጀርመን ውስጥ ዳልሃይም የሚባል ቦታ የሴቶች ገዳም ነበር። በመቃብሩ ውስጥ የአንዲት ሴት አጽም ተገኘ። ስትሞት ከ45 እስከ 60 ዓመት ይሆናታል። ከ850 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው አጽም ነው። ተመራማሪዎቹ ጥርሷ ላይ እንደ ድንጋይ የተጋገረውን ነገር ፍቀው የወሰዱት ምን ትበላ እንደነበር ለማወቅ ነው። እህል ሲፈልጉ ሰማያዊ አገኙ። በማይክሮስኮፕ ሥር ደቃቅ ደቃቅ ሰማያዊ ቅንጣቶች።

ሲመረመር ላፒስ ላዙሊ ሆነ። ያኔ ከአፍጋኒስታን ተራራ ይመጣ የነበረ፣ እንደ ወርቅ የከበረ ድንጋይ ነው። ተፈጭቶ የሚያገለግለው እጅግ ለተከበሩ መጻሕፍት ሥዕልና ጌጥ ነበር። ታዲያ አፏ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቡድኑ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ሴት ጸሐፊዎችን የምታጠና የታሪክ ባለሙያ ነበረች። ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስኬደው ሴትዮዋ ራሷ ሠዓሊ ነበረች የሚለው ሆነ። የብሩሹን ጫፍ በከንፈሯ እያሾለች ስትሥል ኖራለች። ጥናቱ በ2019 ሳይንስ አድቫንስስ መጽሔት ላይ ታትሟል።

የዚያ ዘመን ሴቶች ብዙ ጊዜ በጻፉት ላይ ስማቸውን አያኖሩም። ስለዚህ መዛግብት ብቻ የሚያነብ ሰው ይህችን ሴት አያገኛትም። ቤተ ሙከራው ብቻውን ደግሞ "ሰማያዊ ድንጋይ አለ" ብሎ ያልፋል። የደብዳቤ ልጅ፣ "ለምን ሁለት ዘርፍ?" ሲሉሽ እንዲህ ዓይነት መልስ ሊኖርሽ ይገባል። አንዱ ሲጎድል የትኛው ሰው እንደሚጠፋ አሳያቸው።

የሌሊት ተረኛ · ማክሰኞ ሌሊት

ሐኪም ነኝ። ውይይቱን ያነበብኩት በተረኝነቴ መሃል ነው፤ ብዙ ብጽፍ ይቅርታ።

እህቴ፣ "ይህ ሕክምና እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም" ያለሽ ሰው ተሳስቷል። እኛ ሕመምን የምንለካው በቃል ነው። የደም ግፊት መሣሪያ አለው፤ ሕመም የለውም። በ1975 ሮናልድ ሜልዛክ የማክጊል የሕመም መጠይቅ የሚባለውን አወጣ። 78 ቃላት ናቸው፣ በ20 ክፍል የተደለደሉ። በሽተኛው የሚስማማውን ይመርጣል። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ የሚቆረጥም፣ የሚያደክም፣ የሚያስፈራ። ሐኪም በቃላት ምርጫ ላይ ተመሥርቶ ሰውን ይመረምራል ማለት ነው። ይኼ የአንቺ ሥራ ካልሆነ የማን ነው?

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። ገና ጀማሪ ነበርኩ። አንዲት እናት መጡና "ልቤን፣ ልቤን" አሉኝ። ልብ የሚለውን ሰማሁና ሮጥኩ። የልብ ምርመራ መሣሪያው ተጎተተ፣ ገመዱ ተለጠፈ። (መነሣቱ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አነሣዋለሁ።) ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ያኔ አንዲት የቆየች ነርስ ጠጋ ብላ "እናቴ፣ እስቲ እጅዎን የሚያምዎት ቦታ ላይ ያሳርፉት" አለቻቸው። እጃቸውን ከጎድናቸው በታች፣ ጨጓራቸው ላይ አሳረፉ። "ልቤን ያቃጥለኛል" ሲሉ እኛ ሁላችን ቤት የምንለውን ነው የሚሉት። እኔም ከእናቴ ቤት የማውቀው ቃል ነው። ነጭ ጋወን ስለብስ ግን ረሳሁት።

አሁን ደግሞ የማይጥምሽን ልናገር። ፕሮፖዛልሽ ውስጥ "በደብዳቤዎቹ የተገለጹትን በሽታዎች እለያለሁ" የሚል ቃል ገብተሽ ከሆነ አውጪው። በጽሑፍ ብቻ የሞተ ሰው መመርመር አይቻልም። የአቴንስን ወረርሽኝ ተመልከቺ። በ430 ከክርስቶስ ልደት በፊት የጀመረ ነው፤ ራሱ ታሞ የዳነ የታሪክ ጸሐፊ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጽፎታል። እስከ ዛሬ አንዱ ታይፎስ ይላል፣ አንዱ ፈንጣጣ፣ አንዱ ኩፍኝ። በ1348 ለንደን የገባው ወረርሽኝ ግን የሟቾቹ ጥርስ ስለተገኘ በ2011 የባክቴሪያው ሙሉ ጂኖም (የዘር መረጃው) ተነበበ። ወረርሽኙ ምን እንደነበር የተቆረጠው በጥርሱ ነው። አንቺ ጥርስ የለሽም። ቃል ነው ያለሽ። ስለዚህ ቃል የሚመልሰውን ጥያቄ ጠይቂ።

የደብዳቤ ልጅ · ረቡዕ ጠዋት

የሌሊት ተረኛ፣ ያቺን እናት ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እውነቱን ልናገር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ልክ ያልከው አለ። "የበሽታዎች መለያ ሠንጠረዥ" ብዬዋለሁ። ያስገባሁት ሥራዬ ሳይንሳዊ እንዲመስል ብዬ ነው። አሁን ሳየው "የሕክምና ዘዴ የለውም" ያሉት ገምጋሚ እዚያ ላይ ነው የያዙኝ። ልክ ነበሩ።

መልሕቅ · ረቡዕ ከሰዓት

የአየር ንብረት ታሪክ ላይ እሠራለሁ። ዘዴ ለሚለው ጥያቄ የሚጠቅምሽ ነገር አለኝ።

ከ1750 እስከ 1850 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ቀን በቀን መዝገብ ይጽፉ ነበር። የነፋስ መለኪያ መሣሪያ የላቸውም። ነፋሱን በቃል ነው የሚጽፉት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደ፣ ሦስት ዓመት የፈጀ ክሊዎክ የሚባል የአውሮፓ ፕሮጀክት እነዚህን መዝገቦች ለአየር ንብረት ጥናት ሊያውላቸው ተነሣ። መጀመሪያ ያስፈለገው ኮምፒውተር አልነበረም። መዝገበ ቃላት ነበር። የአራቱን ቋንቋ መርከበኞች የነፋስ ቃል ሰብስበው፣ እያንዳንዱ ቃል ዛሬ በምንጠቀምበት የቦፎርት የነፋስ ኃይል መለኪያ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ ወሰኑ። ያ የሆነው ሰው ቁጭ ብሎ መርከበኛው በምን ልማድ እንደሚጽፍ ስላጠና ነው።

አንቺም መጀመሪያ መዝገበ ቃላትሽን ሥሪ። ዘዴሽ እሱ ነው።

የሌሊት ተረኛ · ረቡዕ ማታ

መልሕቅ፣ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ጥንቃቄ። ነፋስ ከቃሉ ውጭ አለ። መርከቡን ይገፋል፣ ሸራውን ይቀድዳል። ሁለት መርከበኞች አንድ ነፋስ ሊያዩ ይችላሉ። ሕመምን ግን ከታመመው በቀር ማንም አያየውም። "ቁርጥማት 4፣ ውጋት 6" ብላ ቁጥር እንዳትሰጠው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ፈልጎ ጻፈው የሚለውን ከቃሉ ጋር ትያዝ።

ቀነ ገደብ · ረቡዕ ማታ

ሐሳቡን እናንተ ይዛችሁታል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና።

ከሁሉ በፊት ፒኤችዲ ከያዝሽ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚጠይቀውን መስመር አንብቢ። ብዙ ቦታ ገደብ አለው፤ ለወሊድና ለሕመም የጠፋ ጊዜ የሚቀነስበትም ቦታ አለ፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም። ከዚያ የማስተማር ግዴታ ስንት ሰዓት እንደሆነ እይ። "ምርምር" ብለው ወስደው ሁለት ኮርስ የሚያሸክሙ አሉ። ቤተሰብ ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ ወይ፣ የጤና መድን አለው ወይ፣ እዚያው መኖር ግዴታ ነው ወይ። ጥሩ ማዕከል እነዚህን ስትጠይቂ ደስ ብሎት ነው የሚመልስ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ሦስቱንም ከሥነ ጽሑፍ አታምጪ። አንዱ ከሕክምና በኩል ይሁን። "ይህች ሰው ስለ እኛ ሥራ የምትጠይቀው ጥያቄ ለእኛም ይጠቅመናል" የሚል አንድ መስመር፣ ሙያሽን ከሚያሞግስ ሙሉ ገጽ ይበልጣል። ደብዳቤ ጸሐፊዎችሽን በስድስት ሳምንት ቀድመሽ ለምኛቸው። ፕሮፖዛሉንም አብረሽ ላኪላቸው እንጂ በባዶ አታስጽፊያቸው።

ደግሞ እንዲህ ያለ መንገድም አለ፣ ለዛሬ ባይሆንም። የአሜሪካው ሜለን ፋውንዴሽን ከ2002 ጀምሮ ኒው ዳይሬክሽንስ የሚል ፌሎሺፕ ሰጥቷል። የሂዩማኒቲስ (እንደ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያለ ዘርፍ) መምህር ከዘርፉ ውጭ ሌላ ትምህርት ቁጭ ብሎ እንዲማር የታሰበ ነበር። የተቀጠረ መምህርን ነበር የሚመለከተው። እና መምህር ያሉት "መጀመሪያ ቤት ያዢ" የሚለው ነገር እዚህ ላይ ትርጉም አለው።

ጥግ ላይ ነኝ · ሐሙስ ጠዋት

ይቅርታ መሃል ስለገባሁ። ፒኤችዲ የሌለው፣ በግሉ የሚመራመር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያገኛል?

ቀነ ገደብ · ሐሙስ ጠዋት

አንዳንድ ቦታ አዎ። በተለይ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሚሰጡት አጫጭር ፌሎሺፕ አለ፤ አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ከዲግሪህ ይልቅ እነሱ ጋ ያለውን የትኛውን ሰነድ እንደምትፈልግ ነው የሚያዩት። ካታሎጋቸውን ፈትሽና የሰነዱን ቁጥር ጽፈህ ጠይቃቸው።

የደብዳቤ ልጅ · እሑድ ማታ

ሦስት ቀን ጠፋሁ፤ እየጻፍኩ ነበር። ሠንጠረዡ ወጥቷል። የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸውላችሁ፦

"አንድ ሰው ለእናቱ 'ትንሽ ቆርጠም አድርጎኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ' ብሎ ይጽፋል። በዚያው ሳምንት ለወንድሙ 'ሲቆረጥመኝ አድሮ ነጋ' ይላል። ሕመሙ አንድ ነው፣ ግሡም አንድ ነው። ሐኪም ሁለቱን ቢያነብ የትኛውን ያምናል? ይህ ኢንተርዲሲፕሊናሪ ጥናት በሥነ ጽሑፍና በሕክምና መካከል ድልድይ ለመሆን ያለመ ነው። ሕመምን የምንለካው ታማሚው በሚመርጠው ቃል ከሆነ፣ ቃሉ ደግሞ ሰሚውን አይቶ የሚለወጥ ከሆነ፣ የምንለካው ምንድን ነው? ደብዳቤዎቹ ለዚህ ምቹ ናቸው፤ ሰሚው ማን እንደሆነ ፖስታው ላይ ተጽፏል።"

ሁለት ወንበር · እሑድ ማታ

"ፖስታው ላይ ተጽፏል" የሚለውን ሳነብ ተነሥቼ ቆምኩ። ይኼን ለኮሚቴ ማውራት እችላለሁ። ድልድይ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ሌሎቹ ስድስቱ ሥራውን ሠርተውታል።

የሌሊት ተረኛ · እሑድ ሌሊት

"የትኛውን ያምናል" የሚለው ላይ አንድ ነገር። ሐኪም ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው ብሎ መነሣት የለበትም። ለእናቱ የጻፈውም እውነት ነው። "ምን ይረዳል" ብትይው? የሕክምና በኩል ደብዳቤውን እኔ ልጽፍልሽ ዝግጁ ነኝ። መጀመሪያ ግን ሙሉውን ላኪልኝና በስልክ እናውራ፤ የማላውቀውን ሥራ አልመሰክርም።

የደብዳቤ ልጅ · ሰኞ ጠዋት

ድልድዩ ወጥቷል። "ምን ይረዳል" ገብቷል። ሙሉውን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ቀነ ገደቡ ሰባት ሳምንት አለው።

የድሮ መምህር · ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ስለ ሥራው ያልኩትን አልተውኩም። ስለዚህ ከፕሮፖዛሉ ጋር አንድ ነገር አብረሽ አዘጋጂ፦ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በማግሥቱ ገብተሽ ልታስተምሪው የምትችይው ኮርስ፣ የ14 ሳምንት ዝርዝር፣ ሳምንት በሳምንት። ደብዳቤዎቹን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሪያቸው። ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አይቼ እመልስልሻለሁ።